አፉን እስኪፈታ

ልጄ ሁለት ዓመት በሞላው ሳምንት የሚላቸውን ቃላት በሙሉ ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኳቸው። እማ፣ አባ፣ እምቢ፣ እንካ፣ ዳቦ፣ እምቧ፣ ሚያው፣ ኳ፣ ሙ። ዘጠኝ ናቸው። ኳ ማለት ኳስ ነው። ሙ ማለት ሙዝ ነው። በዚያው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ፣ የእሱ እኩያ፣ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ አግኝታኝ «የት ልትሄጂ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ።

ይህን የምጽፈው ዛሬ እንደዚያን ቀኗ እኔ ለምትሆን እናት ነው። ለአባትም ነው። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ያለፍኩበትን፣ ባለሙያዎች የነገሩኝንና ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብዬ ያነበብኩትን ነው። አንብበሽ ለመጨረስ ጊዜ ከሌለሽ ግን ይህቺን ብቻ ያዢ፦ ልጅሽ መናገር ከዘገየ መጀመሪያ ጆሮውን በመሣሪያ አስመርምሪ። «እኔ አውቀዋለሁ፣ ይሰማል» አትበዪ። እኔ እንደዚያ ብዬ አስር ወር አባክኛለሁ።

ልቤ መጠርጠር የጀመረው አንድ ዓመት ከመንፈቁ ላይ ነበር። ያኔ የሰማሁትን ምክር ሁሉ አስታውሳለሁ። እናቴ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» አለችኝ። አማቴ ደግሞ «አባቱም እስከ ሦስት ዓመቱ ዝም ብሎ ነበር፤ ይኸው ዛሬ ጠበቃ ነው» አሉኝ። ለክትባት በሄድንበት ክሊኒክ ያየን ሐኪም «ጠብቁ፣ ይመጣል» ብሎ ሸኘን። አንዲት ጎረቤት እንጥሉ ወርዶ ይሆናል፣ ጥሩ አድርጋ የምትቆርጥ ሴት አውቃለሁ ብላ ስልክ ልትሰጠኝ ነበር። ለእሷ እንኳን እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አለፍኩ። እንጥል መቁረጥ ንግግር አያመጣም። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ግን ያመጣል፣ በዚህ የሞተ ልጅ አለ። እባካችሁ ይህን በር አታንኳኩ።

መስማቱን ራሴ ፈትኜዋለሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲጫወት ሁለት የድስት ክዳን አጋጨሁ። ዘወር አለ። ደግሜ አጋጨሁ፣ አሁንም ዘወር አለ። ለባለቤቴ ደውዬ «ጆሮው ደህና ነው» አልኩት። አስር ወር የተኛሁት በዚያች ሙከራ ነው። የድስት ክዳን መስማት ሌላ ነው፣ ንግግር መስማት ሌላ። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ነገሩን የያዘችው ራሷ እናቴ ናት። ልጁን ልታይልኝ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ተቀምጣ ነበር። ጉንፋን ይዟት ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ሸፍናለች። «ማሙሽ፣ ጫማህን አምጣ» አለችው። ዝም ብሎ ያያታል። ደገመችለት። አሁንም ያያታል፣ ዓይኑ ፊቷ ላይ ይንከራተታል። ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ ያንኑ በዚያው ድምፅ አለችው። ሮጦ ጫማውን አመጣ። እናቴ ማታ ስመጣ ካፖርቴን ሳላወልቅ «ልጄ፣ ይሄ ልጅ የሚሰማው በዓይኑ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። እንደውም ሁላችንም በከፊል በዓይናችን ነው የምንሰማው። ሃሪ ማክገርክና ጆን ማክዶናልድ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ያሳዩት ነገር አለ። የአንዲት ሴት ከንፈር «ጋ» ሲል የሚያሳይ ምስል ላይ «ባ» የሚል ድምፅ ቢለጠፍበት፣ አብዛኛው ሰው «ዳ» ሲል ይሰማል። ዓይን ሲጨፈን «ባ»፣ ዓይን ሲገለጥ «ዳ»። አንጎላችን ከጆሮ የመጣውንና ከዓይን የመጣውን አዋህዶ አንድ ድምፅ ያደርገዋል። የእኔ ልጅ ከጆሮው የሚመጣው ስላነሰበት ዓይኑ ላይ ተደግፎ ኖሯል። ለዚህ ነው ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ሳወራው ሁሉንም የሚረዳ የሚመስለኝ። ማዕድ ቤት ሆኜ ስጠራው «አቤት» የማይለው ደግሞ እልኸኛ ስለሆነ ነበር የሚመስለኝ። ተቆጥቼዋለሁ። ያንን ሳስብ አሁንም ደረቴን ይወጋኛል።

በሳምንቱ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ያኔ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነበር። ምርመራው አያምም። ጫፏ ላይ ጎማ ያላት ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ቀዳዳ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ተያዘች። መሣሪያዋ አየር ገፋ፣ ሳብ አድርጋ የጆሮ ታምቡሩ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ትለካለች። ጤነኛ ጆሮ ላይ መስመሩ እንደ ኮረብታ ወጥቶ ይወርዳል። የልጄ መስመር በሁለቱም ጆሮ ሜዳ ነበር። ለጥ ያለ። ከዚያ በድምፅ ተፈተነ። ድምፅ ሰምቶ ዘወር ሲል አሻንጉሊት ይበራለታል። በ20 ዴሲቤል ዘወር አላለም። በ30ም አላለም። ዘወር ያለው ወደ 40 ሲጠጋ ነው። ሹክሹክታ 30 ገደማ ነው፣ መደበኛ ጨዋታ ደግሞ 60 ገደማ።

ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል አሉን። አብዛኞቹ ሕፃናት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ቢያንስ አንዴ ይገጥማቸዋል። ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የምታገናኘው ቱቦ በሕፃን ላይ አጭርና አግድም ናት። ጉንፋን ሲይዘው ትደፈናለች፣ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫ ያጣል። አያምም፣ አይመግልም፣ ትኩሳት የለውም። ስለዚህ ማንም አያየውም። ጉንፋን ሲለቀው ይሻለዋል፣ ሲይዘው ይብስበታል። «ዛሬ ይሰማል፣ ነገ አይሰማም» የሚሉት ዓይነት ልጅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዶክተሩ ሽማግሌ ሰው ናቸው። ባለቤቴንና እኔን «እስቲ ሁለታችሁም ጆሯችሁን በጣታችሁ ድፈኑ» አሉን። ከዚያ ጠረጴዛው ማዶ ሆነው ቀስ ብለው ቃላት ጠሩ። ባለቤቴ «ልብ» ብሎ ጻፈ። እኔም «ልብ» ጻፍኩ። የተባለው «ልብስ» ነበር። «ኳስ» ሲሉ የሰማሁት «ኳ» ነው። እዚያው ወንበር ላይ እንባዬ መጣ። ፍሪጁ ላይ የለጠፍኳት ወረቀት ትዝ አለችኝ። ኳ። ሙ። ሕፃን ሁሉ ሲጀምር ቃል እንደሚቆርጥ ነግረውኛል፣ መቁረጡ ብቻውን ምልክት አይደለም። የእኔ ልጅ ግን ቃሉ ሲደርሰውም ተቆርጦ ይሆናል ብዬ አላውቅም ነበር።

እንደ «አ» እና «ኦ» ያሉ አናባቢዎች ጉልበት አላቸው። «ስ»፣ «ፍ»፣ «ህ» ግን ትንፋሽ ናቸው። አማርኛ ደግሞ ትልቁን ሥራ ለትንንሽ ድምፆች ሰጥቷል። «በላ»፣ «በላህ»፣ «በላሽ»። ማን እንደበላ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ያለች ትንፋሽ ናት። «ገና» ላልቶ ሲነገር ጊዜው አልደረሰም ነው፣ ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት «ን» ላይ ትንሽ መቆየት ብቻ ነው፣ ፊደላችን እንኳ አይጽፈውም። ልጅ ይህን ሁሉ የሚለቅመው ማንም ሳያስተምረው ነው።

እንዴት እንደሚለቅመው ሳነብ ሌሊቱ ይነጋብኝ ነበር። ስናወራ በቃላት መሃል ክፍተት የለም፣ የማይታወቅ ቋንቋ ስንሰማ እንደምናየው አንድ ወጥ ጅረት ነው። በ1996 ሳፍራን፣ አስሊንና ኒውፖርት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የስምንት ወር ሕፃናትን ትርጉም የሌለው፣ ማቆሚያም የሌለው የፈጠራ ንግግር ለሁለት ደቂቃ ብቻ አሰሟቸው። ሕፃናቱ የትኛው ክፍለ ቃል ከየትኛው ጋር ደጋግሞ እንደሚመጣ ይዘው «ቃላቱን» ለዩዋቸው። ሁለት ደቂቃ! ከዚያ ደግሞ ያስደነገጠኝን አነበብኩ። በ1984 ዌርከርና ቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ ባደረጉት ጥናት፣ እንግሊዝኛ የሚሰሙ የስድስትና የሰባት ወር ሕፃናት የአንድ ነባር ሕዝብ ቋንቋን ሁለት ድምፆች ይለያሉ። እንደኛ «ቀ» ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ናቸው። ወደ አንድ ዓመት ሲጠጉ ግን መለየቱን ያቆማሉ፣ ምክንያቱም ቤታቸው የማይሰማ ድምፅ ነው።

ታዲያ የእኔ ልጅ አለፈው? በቀጠሯችን ቀን ዶክተሩን የጠየቅኳቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር። «አላለፈውም» አሉኝ። «ልጅዎ ደንቆሮ አልነበረም። ጉንፋን በሌለበት ቀን ሰምቷል። እቅፍ ውስጥ ሆኖ ሰምቷል። በሩ እየጠበበ ይሄዳል እንጂ ባንድ ሌሊት አይዘጋም።»

መድኃኒት አላዘዙም። አንቲባዮቲክ ለዚህ አይረዳም፣ ብዙውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይደርቃል አሉ። ካልደረቀ ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ የሚያስገባ ቀዶ ሕክምና አለ። ዘይት፣ ቅቤ፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ፣ ምንም ነገር ጆሮው ውስጥ እንዳይገባ አስጠነቀቁን። ሲጋራ ቤት ውስጥ እንዳይጨስ፣ ጡጦም ተኝቶ እንዳይጠጣ። የዕጣኑና የከሰሉ ጭስም ይቀንስ ብለውን ቡናችን ወደ በረንዳ ወጣ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን በእነዚያ ሦስት ወራት ቤት ውስጥ የሠራነው ነው። አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ወረፋ ጠብቀን ሁለት ጊዜ አየችን። መጀመሪያ ያደረገችው ዝም ብሎ እኔን ማየት ነበር። ከልጄ ጋር ተጫወቺ አለችኝ። «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ? ላም ምን ትላለች? በል እስቲ ንገራት» እላለሁ። አስር ደቂቃ አይታ «ፈተና እየፈተንሽው ነው» አለችኝ፣ በለሆሳስ። «ጥያቄውን ተዪውና ንገሪው። እሱ የሚያየውን አንቺ ተናገሪለት። ከዚያ ዝም በዪና አምስት ድረስ ቁጠሪ።»

አምስት ድረስ መቁጠር ቀላል ይመስላል። ሞክሩት። ሦስት ላይ ስደርስ አፌ ይበላኛል። ልጄ ግን የሚመልሰው አራትና አምስት ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ እኔ ቀድሜው ኖሯል።

ሌላው አንድ ቃል መጨመር ነው። «ውሃ» ካለ «ውሃ ስጪኝ በል» አይባልም። «ውሃ ትፈልጋለህ፣ እንካ ውሃ» ይባላል። ያለውን ወስዶ ትንሽ አሳድጎ መመለስ። «እንዲህ አይባልም» ማለት የለም። ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው ቀኑን ሙሉ ይጮህ ነበር፣ ጠፋ። ስንጠራው ሄደን ትከሻውን እንነካለን፣ ተንበርክከን ፊታችንን እናሳየዋለን፣ ከዚያ እንናገራለን። አፍን በነጠላ መሸፈን ለእናቴ ክልክል ሆነባት።

ታብሌቱም ተወሰደ። ይህ ብዙ ቤት ያለ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እኔ «ቢያንስ ቃላት ይማርበታል» እያልኩ ነበር የምሰጠው። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ ሲያትል ውስጥ ያደረጉት፣ በ2003 የታተመ ጥናት አለ። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት 12 ጊዜ ማንዳሪን ቻይንኛ እንዲሰሙ ተደረገ። ገሚሶቹ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ መጽሐፍ እያነበበ፣ እያጫወተ ነው። ሌሎቹ ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ንግግር በስክሪን ወይም በድምፅ ብቻ። ሰው ያጫወታቸው የቻይንኛውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ስክሪኑ ያጫወታቸው ቻይንኛ ጨርሶ ካልሰሙት አልተሻሉም። ታብሌቱ ልጄ የጠቆመውን አያይም። አምስት ድረስ አይቆጥርም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ፣ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ይላል። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ለቅሶ ነበሩ። በአምስተኛው ቀን የልብስ መቆንጠጫ ቅርጫቱን አገኘ።

ልብስ ማስጣት የእኛ ትምህርት ቤት ሆነ። በረንዳው ላይ እኔ ቆሜ አሰጣለሁ፣ እሱ ቅርጫቱ ሥር ቁጭ ብሎ መቆንጠጫ ያቀብለኛል። «እንካ» ይለኛል። ለአያቱም «እንካ»። ለጎረቤቷ ልጅም «እንካ»። መጀመሪያ ሴትና ወንድ አይለይም ብዬ ነበር። ባለሙያዋ ስትነግረኝ ነው የገባኝ። ወንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው «ና፣ ብላ፣ እንካ» ነው። «እንኪ» ብሎ ማንም እሱን አያናግረውም። «እንኪ»ን ሊማር የሚችለው ሌላ ሰው ሌላዋን ሲያናግር በመሃል በመስማት ብቻ ነው። አባቱ እኔን ሲያቀብለኝ። እናቴ እኔን ስትጠራኝ። ልጅ እንዲህ ከጎን፣ ለእሱ ካልተባለውም ብዙ ቋንቋ ይለቅማል። ጆሮው የተደፈነ ልጅ ደግሞ በአብዛኛው ፊቱ መጥተው የነገሩትን ነው የሚያገኘው። ከጎኑ ጨዋታ ብዙው ያመልጠዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ባለቤቴና እኔ ልጁን መሃል አስቀምጠን መቀባበል ጀመርን። «እንኪ።» «እንካ።» «እንኪ።»

በሦስተኛው ወር ምርመራ የቀኝ ጆሮው መስመር ኮረብታ ሠራ። ግራው ሌላ ስድስት ሳምንት ወሰደ። ቱቦ አላስፈለገም። ለሌላ ልጅ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ከተባላችሁ አትፍሩት።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ኳሱን ይዞ መጣና ፊቴ ቆመ። «ኳስስስስ» አለ። «ስ»ን እንደ ጎማ ሲተነፍስ ረጅም አደረጋት። ደገመው። «ኳስስስ።» አዲስ ነገር ያገኘ ሰው ፊት ነበረው። እናቴ ከመኝታ ቤት እልል አለች።

ሦስት ዓመቱ ላይ በዓረፍተ ነገር ያወራ ነበር። ስህተቱ ግን በዛ፣ እኔም እንደገና ሰጋሁ። ዳቦ ሲያልቅ «ዳቦ አልአለም» ይላል። ማንም ቤታችን ውስጥ «አልአለም» ብሎ አያውቅም፣ «የለም» ነው የምንለው። ባለሙያዋ ጋ ደውዬ ስነግራት ደስ አላት። «አልበላም፣ አልሄደም እያላችሁ ሰምቶ ሕጉን አወጣው እኮ። አለ፣ አልአለም!» ልጅ ሰምቶ የሚደግም ብቻ ቢሆን ይህን ቃል ከየት ያመጣዋል? ጂን በርኮ የተባለች ተመራማሪ በ1958 የፈጠራ ስም ያላት ወፍ ስዕል ለሕፃናት አሳይታ «አሁን ሁለት ናቸው» ስትላቸው፣ ሰምተውት ለማያውቁት ቃል ብዙ ቁጥር ሠርተውለታል። እንግዲህ የኔ ልጅ «አልአለም» የዚያች ወፍ ዘመድ ናት። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ስህተት ጤና ነው።

ሁሉም ዘግይቶ የተናገረ ልጅ ጆሮው ነው ማለቴ አይደለም። የእኔም ልጅ የዘገየው በፈሳሹ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፣ ታብሌቱም የእኔ ጥድፊያም ድርሻ ይኖራቸዋል። ግን ጆሮው ካልታየ ሌላውን ማወቅ አይቻልም። በአንድ ዓመቱ «ባባባ፣ ዳዳዳ» የማይል ወይም በጣቱ የማይጠቁም፣ በአንድ ዓመት ከአራት ወሩ አንድም ቃል የሌለው፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገናኝ ልጅ ካላችሁ «ወንድ ነው፣ ይዘገያል» ብላችሁ አትቀመጡ። በማንኛውም ዕድሜ የነበረውን ቃል ካጣ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሂዱ። ስትሄዱም «በመሣሪያ ይመርመርልኝ» በሉ። ሐኪሙ እጁን አጨብጭቦ «ይሰማል» ካላችሁ፣ ያ የእኔ የድስት ክዳን ነው።

አሁን አራት ዓመቱ ነው። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ከጀርባው ሆኜ በሹክሹክታ እጠራዋለሁ። አንዳንዴ አይሰማም፣ ያኔ ለሳምንት ያህል ሁላችንም ወደ ተንበርካኪነታችን እንመለሳለን። «እንኪ» እና «እንካ» ተለይተዋል። «አልአለም» ጠፍታለች፣ እኔ ትንሽ ናፍቃኛለች። አንዲት ብቻ ቀርታለች። መጣ፣ መጣች፣ መጣሁ ከተባለ «ነይ» ከየት እንደመጣ እስካሁን አልተዋጠለትም።

ትናንት ማታ ሰሃን እያጠብኩ፣ ቧንቧው ተከፍቶ፣ ከመኝታ ቤት ተጣራ።

«እማዬ፣ ምጪ!»

«መጣሁ» አልኩት።